የጣና ደሴቶችና የሰደድ እሳት ጥንቃቄ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ ላይ የተንጣለለ፣ ስፋቱም ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ሐይቅ ነው። በውስጡ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉት ሲነገር ኖሯል። ቁጥሩ ግን ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱም በክረምት ደሴት የነበረው በበጋ ከየብስ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለና ነው። ከእነዚህ ደሴቶች በብዙዎቹ ላይ ገዳማት ተመሥርተዋል፤ ገዳም ባለበትም ሁሉ ደን አለ። ከሐይቁ ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው በዙሪያው የታረሰውንና የተራቆተውን አገር ካየ በኋላ ዓይኑን ወደ ውሃው ሲመልስ እነዚያ ደሴቶች እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ይታዩታል።

በውሃ የተከበበ መሬት እሳት አያሰጋውም ብሎ ማሰብ ለማንም ሰው ቀላል ነው። የደጋ እስጢፋኖስ ታሪክ ግን ይህን አሳብ አይቀበለውም። ደጋ ከደቅ ደሴት በስተ ምሥራቅ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ስትሆን፣ ከሐይቁ ውስጥ ብድግ ብላ እንደ ቆመች ኮረብታ ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ከጫፏ ላይ ነው። የቀድሞው ሕንጻ በሣር እሳት ተቃጥሎ የዛሬው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ገና እንደ ተሠራ ይተረካል። ያቃጠለው መብረቅ ወይም የጠላት ጦር ሳይሆን ሣር ነው መባሉ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ከፊቱ ያለውን እያደረቀ ስለሚሄድ፣ በዳገት ላይ ያለው ፍጥነት በሜዳ ላይ ካለው በብዙ ይበልጣል። በኮረብታ ራስ ላይ ያለ የሣር ክዳን ደግሞ ከሥሩ ለሚነሣ እሳት የተዘጋጀ ማገዶ ነው።

በዚያው በደጋ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል ዐፅም እንደ ሆነ የሚነገርለት ቅርስ እስከ ዘመናችን ተጠብቆ ኖሯል። የሚቀመጠውም ከቤተ ክርስቲያኑ ተለይቶ በተሠራው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ዕቃ ቤትን ከመቅደስ ለይቶ መሥራት በብዙ ገዳማት የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ስለ እሳት ብቻ የታሰበ ነው ብሎ መናገር አይቻልም፤ ስለ ሌባም፣ ስለ ዝናብም፣ ስለ ሥርዓትም ይሆናል። የሆነ ሆኖ ሁለት ቤት ያለው በአንድ ሌሊት ሁሉን አያጣም።

ውሃ ከውጭ የሚመጣውን እሳት እንደሚከለክል ሁሉ፣ ከውጭ የሚመጣውንም ረዳት ይከለክላል። በየብስ ላይ ሰደድ እሳት በተነሣ ጊዜ ኡኡታው ከጎጥ ወደ ጎጥ ተሻግሮ የአራት ቀበሌ ሰው በአንድ ጊዜ ለምለም ቅጠል ይዞ ይደርሳል። በደሴት ላይ ግን የሚደርሰው በዚያች ደሴት ያለው ሰው ብቻ ነው። ከደንገል የተሠራች ታንኳ ጥቂት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ነፋስ በተነሣ ጊዜም፣ እሳት የሚከፋው በዚያው ጊዜ ነውና፣ ታንኳ አትንቀሳቀስም። ስለዚህ የደሴት ሰው እሳቱ ከተነሣ በኋላ የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው። ማድረግ የሚችለው ሳይነሣ በፊት ነው።

ሳይነሣ በፊት የሚደረገው ነገር ምን እንደ ሆነ ለመረዳት፣ ሰደድ እሳት በአገራችን ከምን እንደሚነሣ ማስታወስ ይገባል። መብረቅ የሚያስነሣው ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው ከሰው እጅ የሚወጣ ነው። አራሹ ዱር መንጥሮ የወደቀውን ዛፍ ያቃጥላል። በሸዋ ደጋ አገር አፈሩን ከምሮ የማቃጠል ልማድ ነበረ። ከብት ያለው ሰው ዝናብ ሲቃረብ ለምለም ሣር እንዲበቅልለት አሮጌውን ሰንበሌጥ ይለኩሳል። ማር ቆራጩ ንቡን በጢስ ያባርርና ችቦውን ሳያጠፋ ይሄዳል፤ ከሰል አክሳዩም እንደዚሁ ነው። ከእነዚህ ምክንያቶች አብዛኞቹ ከሁለት ነገር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ እነዚህም ሞፈርና ከብት ናቸው።

አሁን ወደ ዘጌ እንለፍ። ዘጌ በሐይቁ ደቡብ፣ ከባሕር ዳር ብዙ ሳይርቅ ወደ ውሃው ዘልቆ የገባ ልሳነ ምድር ነው። በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ይያያዝ እንጂ ኑሮው የደሴት ኑሮ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ብፁዕ አቡነ በትረ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና ሌሎችም ገዳማት በዚያ ይገኛሉ። በገዳማቱ ትውፊት እንደሚነገረው፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 14ኛው ባለው ጊዜ አቡነ በትረ ማርያም ወደ ዘጌ መጥተው በትራቸውን ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ። ከእግዚአብሔርም ቃል ኪዳን ተቀበሉ፤ ይኸውም የዘጌ ሰው ሳያርስና ከብት ሳያረባ ከእነዚህ ዛፎች ፍሬ ይኖር ዘንድ ነው። ከዚያ ወዲህ በዘጌ በሬ መጥመድና ከብት ማርባት ግዝት ሆነ።

የታሪክ ተመራማሪ ይህን ቃል ኪዳን በምን ዓመት፣ በማን ፊት እንደ ተደረገ ይጠይቅ ይሆናል። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን ሥራው ነው፤ ሥራውም በዓይን የሚታይ ነበር። ሞፈር ስለሌለ ምንጣሮ የለም፤ ምንጣሮ ስለሌለ የምንጣሮ ቃጠሎ የለም። ከብት ስለሌለ ሣር የሚያስፈልገው ሰው የለም፤ ሣር የሚፈልግ ስለሌለም ሣር ለማደስ እሳት የሚለኩስ እረኛ አይገኝም። ቡና ጥላ ስለሚወድ ባለቡናው ከበላዩ ያሉትን ትልልቅ ዛፎች፣ ዋንዛውን፣ ሰሳውን፣ ብርብራውን፣ ሾላውን ይጠብቃል። (ብርብራ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣ የሚያሰክር ዛፍ ስለ ሆነ፣ ዓሣ አጥማጁም የሚጠብቅበት የራሱ ምክንያት አለው።) ቅጠሉ ተገጣጥሞ ፀሐይ በማያስገባበት ቦታ ሣር አይበቅልም፤ መሬቱም እስከ በጋው መካከል እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ከቡናው ሥር የሚበቅለውን አረም ባለቤቱ ለቀማ እንዲመቸው ሲል ይመነጥረዋል። በዚህ ዓይነት፣ ስለ እሳት አንድ ቃል ሳይናገር፣ ግዝቱ ሰደድ እሳት የሚነሣባቸውን ምክንያቶች አብዛኞቹን አስቀርቷል። እንዲህ ያለ የእሳት ጥንቃቄ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም።

ይህን ሲያነቡ የዘጌን ኑሮ የገነት ኑሮ አድርጎ ማሰብ ስሕተት ይሆናል። ሳያርሱ መኖር እህልን ከሌላ ሰው መግዛት ነው። ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው በታንኳ እየተጫነ ወደ ሐይቁ ዳር ገበያዎች ይሄድና በጤፍና በዳጉሳ ይለወጥ ነበር፤ ቡናውም በነጋዴ እጅ እስከ ጎንደር፣ በመተማም በኩል እስከ ሱዳን ይደርስ ነበር። ቡናው በከፋበት ዓመት ጎተራ የሌለው ሰው ወዴት ይሄዳል? ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። የዘጌን ቡና በመልቀምና በመንከባከብ የደከሙት ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። የመሬቱ ባለርስትነት የገዳማቱ ስለ ነበረ ባለቡናው ግብር ይከፍል ነበር። ደኑን ቃል ኪዳን ጠበቀው ሲባል፣ በዚያ ቃል ኪዳን ጥላ ሥር ያለ ደመወዝ የሠሩት እጆች አብረው መጠራት አለባቸው።

ግዝቱ በሁሉም ደሴት ላይ እንዳልነበረ ደግሞ ደቅ ይመሰክራል። ደቅ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ በምዕራብ ጫፉ ይገኛል። በደቅ ገበሬ አለ፤ በሬም ይጠመዳል፤ ከብትም ይሰማራል። ከዚህ የተነሣ በደሴቱ ላይ ያለው ዛፍ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ተሰብስቦ የቀረውን ደሴቱ እርሻና ግጦሽ ወስዶታል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን የሐይቁን ዳርና ደሴቶቹን ዞሮ ከጎበኘ በኋላ በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ደሴቶች አንድ በአንድ ገልጿቸዋል። አንድ ሐይቅ፣ አንድ ዝናብ፣ አንድ ሃይማኖት ሆኖ ሳለ ዘጌና ደቅ በመልካቸው ይህን ያህል መለያየታቸው፣ ደን የአየር ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ በዘጌ ላይ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ደረሱበት። የመጀመሪያው የባሕር ዳር ከተማ ማደግ ነው። ከ1953 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ ቀጥሎም ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ሲቋቋሙ በከተማው የሚኖረው ሰው በዛ፤ የሚበስለውም በማገዶ ነበር። ቡና ዋጋው በወደቀ ጊዜ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ታንኳ እንጨት ይዞ መሄድ ጀመረ። ሁለተኛው ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ የገዳማቱን የመሬት ባለቤትነት አስቀርቶ አስተዳደሩን ለገበሬ ማኅበር ሰጠ። ጭሰኛን ከባለርስት ነጻ ያወጣ አዋጅ ስለ ሆነ ብዙ ሰው በደስታ የተቀበለው ነው፤ መቀበሉም ትክክል ነበር። ነገር ግን ዛፉን ቆርጠህ አትሽጥ ብሎ የሚከለክል፣ ከከለከለም የሚደመጥ ማን እንደ ሆነ ሳይለይ ቀረ። ግዝቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በሬ የመጥመዱ ክልከላ በሕዝቡ ዘንድ ተከብሮ ቆይቷል። የሳሳው የመጥረቢያው ክልከላ ነው። ዛፍ በተቆረጠበት ቦታ ፀሐይ ይገባል፤ ፀሐይ የገባበት መሬት ሣር ያበቅላል፤ ሣሩም በየካቲት ይደርቃል።

መንግሥት በበኩሉ ሕግ አላወጣም ማለት አይደለም። በ1965 እ.ኤ.አ. የመንግሥትን ደን፣ የግልን ደንና ጥብቅ ደንን የሚመለከቱ ሦስት አዋጆች፣ ቁጥር 225፣ 226 እና 227 ሆነው ወጥተዋል። በ1980፣ በ1994፣ በ2007 እና በ2018 እ.ኤ.አ. ሌሎች ተተክተዋል። አራት ጊዜ የተለወጠ ሕግ ለገጠሩ ሰው እንግዳ እንደ ሆነ ይኖራል። በገጠር የሚሠራ መምህር ከእነዚህ አንዱን እንኳ በተማሪዎቹ ወላጆች እጅ አያገኝም፤ የአቡነ በትረ ማርያምን በትር ግን የዘጌ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ሳይዘጋጁ መቆየት የሚያስከትለውን ኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. በትልቁ አይታዋለች። በዚያ ዓመት በየካቲትና በመጋቢት ድርቁ በጠናበት ጊዜ በባሌና በቦረና ደኖች ሰደድ እሳት ተነሣ፤ ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆን መሬትም አዳረሰ። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር በፈቃዱ የሄደ ተማሪ በብዙ ሺህ ሆኖ ቅጠል ይዞ ደበደበ፤ መሬት ቆፍሮ እሳቱን ለመቁረጥ ደከመ። ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ። በመጨረሻ እሳቱን ያጠፋው ዝናብ ነው። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በግጭ አካባቢ፣ ሌላ እሳት በተነሣ ጊዜም ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት ባለሙያዎች ደግሞ ከእስራኤል እስኪመጡ ተጠበቀ። የእነዚያ ሰዎች ርዳታ ምስጋና የሚገባው ነው፤ ይሁን እንጂ ከባሕር ማዶ የሚጠበቅ ውሃ ለሣር እሳት ሁልጊዜ ይዘገያል።

የደሴት እሳት ነገር በጣና ብቻ የሚታይ አይደለም። በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል በሃዋይ ከሚገኙት ደሴቶች አንዷ በሆነችው በማውኢ፣ ላሃይና በምትባለው ከተማ ዙሪያ ከመቶ ዓመት በላይ የሸንኮራ አገዳ ይታረስ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የስኳር ፋብሪካው ተዘጋ፤ እርሻው ጦም አደረ። ባለቤቱ በተወው መሬት ላይ ከሌላ አገር የመጣ ረጅም ሣር በቀለ፤ ማንም አላጨደውም፤ ከብትም አልበላውም። ነሐሴ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በብርቱ ነፋስ በወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተነሣ እሳት በዚያ ሣር ላይ ተጉዞ ከተማይቱን በአንድ ቀን አወደማት፤ 100 ያህል ሰዎችም ሞቱ። መኪናና ስልክ ያላት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያሏት ሀብታም ደሴት ናት። የጎደላት ሣሩን የሚመለከት ባለቤት ነበር።

በሌላ ወገን ደግሞ እሳትን ፈጽሞ መከልከል ለሁሉም አገር የሚስማማ አለመሆኑን ሌላው ዓባይ ያስተምራል። ከጣና የሚወጣው ዓባይ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። በዚያ በነጭ ዓባይ ዳር፣ በደቡብ ሱዳን በጁባ ዙሪያ ያለው አገር በአብዛኛው ሣርና ቁጥቋጦ ነው፤ ከብት አርቢውም በየበጋው ሣር ያቃጥላል። እንዲህ ባለው የሣር አገር፣ በጋው ገና ሲገባ ሣሩ በከፊል እርጥብ ሳለ በየቦታው ቢለኮስ እሳቱ ዝቅ ብሎ ቶሎ ይጠፋል፤ የተቃጠለውም ቦታ በኋላ ለሚመጣው ብርቱ እሳት እንቅፋት ይሆንበታል። በበጋው መጨረሻ የተለኮሰ ግን ዛፉንም ጎጆውንም ይዞ ይሄዳል። የዘጌ ግዝት ለዘጌ የተሠራ ነው፤ ወደ ጁባ ቢወስዱት አይሠራም፤ የጁባም ልማድ ወደ ደጋ እስጢፋኖስ ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ ከላይ ተነግሯል።

በየብስ ላይ ላሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሌላ መንገድ ተገኝቷል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው በ2007 እ.ኤ.አ. የጥናት ጽሑፋቸውን ለኔዘርላንድ አገር ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ አቅርበዋል። ከዚያ በኋላ ከአሜሪካዊቱ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ላውማን ጋር በመሆን በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ ረድተዋል። ድንጋዩ ከጎረቤት እርሻ የተለቀመ በመሆኑ ገበሬውም ማሳው ጠራለት። ካቡ ከብቱን ይከለክላል፤ ከብቱ ካልገባ ችግኙ ያድጋል፤ ችግኙ አድጎ ጥላ ሲሠራ ሣሩ ይጠፋል። የውሃው ዙሪያ ለደሴቱ የሆነውን፣ ካቡ ለየብሱ ደን እንዲሆን የታሰበ ይመስላል። ይህን ካብ የካበው ባለእርሻው፣ ባለከብቱና ካህኑ በአንድነት ተስማምተው ስለ ሆነ፣ ከማናቸውም አዋጅ የበለጠ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. የጣና ሐይቅና አካባቢው በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዘገበ። መመዝገቡ ስም ነው፤ ጠባቂ አይደለም። በሐይቁ ዳር ውሃው ሲሸሽ የሚወጣውን መሬት ለማረስ ደንገሉንና ሣሩን ማጥፋት ቀጥሏል፤ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ወዲህም እምቦጭ የሚባለው አረም ተጨምሮበታል።

በዚህ ሁሉ መካከል እሳትን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያንቀሳቅሰው ማን እንደ ሆነ ማስተዋል ለመምህራን ይጠቅማል። ክብሪት በሌለበት ቤት እሳት ጫሪ ተብሎ ገል ይዞ ወደ ጎረቤት የሚላከው ልጅ ነው። ከብት የሚያሰማራው፣ ብርድ ሲመታው በሣር መካከል እሳት የሚያነደውም ልጅ ነው። ማር ቆራጩን ተከትሎ ችቦ የሚይዝለትም እርሱ ነው። ይህ ልጅ ጧት በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ስለ ደን ጥቅም ይጽፋል፤ የሚጽፈውም ብዙ ጊዜ ስለ ሩቅ አገር ደን ነው። የጣና ዳር ሣር ከጥር ጀምሮ ይደርቃል፤ እሳት የሚፈራበትም ጊዜ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሰኔ፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው።